እስክመጣ እንዳይፈታ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ጸሐዬ፣ ቢጠና

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ከክረምቱ ብርድ ተላቀቀ ወይ? እማዬስ ደህና ናት? ወንድሜ ፍሬዘርስ ሞተሩን ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ ወይስ አሁንም የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ሲያባርር ነው የሚውለው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ለጊፋታ አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ ከርሞ ልጅ ከበዓል መቅረቷ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የላብራቶሪው ምድጃ አንድ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ተራዬ ካለፈ እስከ ገና አላገኘውም። የኔን ድርሻ ሥጋ ፍሬዘር ይብላልኝ። ባልለውም ይበላዋል።

ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቴም ሳቅሁ። አዎ አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ቆሻሻ ለቃሚ ሆኛለሁ። ጠዋት ጠዋት በየኬክ ቤቱ እየዞርኩ የእንቁላል ቅርፊት በከረጢት እሰበስባለሁ። ጓደኛዬ ማክዳ «ዶሮዋ መጣች ይሉሻል እኮ» እያለች ታበሽቀኛለች። ቅርፊቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አቃጥዬ ከሌላ ነገር ጋር ሳዋህደው የሰው አጥንት ከተሠራበት ጋር የሚመሳሰል ነጭ ዱቄት ይሆናል። አጥንት ተሰብሮ ቁራሽ ሲጎድልበት ክፍተቱን እንዲሞላ ነው ሐሳባችን። ዱቄት ብቻውን ግን ይበተናል፣ የሚይዘው ይፈልጋል። እንሰት የመጣው እዚህ ላይ ነው። እማዬ ስትፍቅ የሚተርፈው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ገለባ መሳይ ነገር፣ እሱ ነው ዱቄቱን የሚይዝልኝ።

ይህንንም ከእማዬ ጋር በፍሬዘር ስልክ ተነጋግረን ጨርሰናል። ትራፊውን በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ ጥብቅ አድርጋ አስራ ከጓሮ ጥላ ሥር ታስቀምጥልኛለች። ሲብላላ ይቆይና ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። እርስዎ ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ዝር እንደማይሉ ስለማውቅ አላስቸግርዎትም።

ጆሮዎ ከከዳዎት፣ የሰውን ንግግር ከከንፈሩ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ስልክ ለሁለታችን ከንቱ ሆነብን። በቤታችን ቋንቋ እንዳንጻጻፍ እኔ ወላይትኛ መጻፍ የተማርኩት በላቲን ፊደል ነው፣ እርስዎ ደግሞ የሚያነቡት የአማርኛውን ፊደል ብቻ። አባትና ልጅ በሰው ቋንቋ መጻጻፋችን አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይከፋኛል። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰገነት

ቢጠና፣ መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሰገነት

የጌታ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ እናትሽም ደህና ናት፣ ላሟም ወልዳለች። ጊፋታን በሰላም አሳልፈናል። አማርኛዬ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ሲያደርግ እንደ ልማድሽ ታገሺኝ።

አሁን የምጽፈውን ተቀምጠሽ አንብቢ፣ ግን አትደንግጪ። ትናንት ፍሬዘር ከዲምቱ ሲመለስ ጭቃው ላይ ሞተሩ ተንሸራተተና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ስልኩም አብሮ ደቀቀ። ነፍሱ ደህና ነው። ወጌሻው አቶ መልካሙ ያንኑ ቀን ከዲምቱ መጥቶ አጥንቱን አቃንቶ በቀርከሃና በቃጫ አሰረው። እብጠት ስለሚኖር በአምስተኛው ቀን ተመልሼ አላላዋለሁ ብሎ ሄደ። ፍሬዘር ሲታሰር አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም፤ የጮኸችው እናትሽ ናት።

እናትሽ ዛሬውኑ ሶዶ ሆስፒታል እንውሰደው ትላለች። ጎረቤቶች ደግሞ የመልካሙ እጅ የተባረከ ነው፣ አትንኩት ይላሉ። እኔ ለሁሉም «ቆዩ» አልኩ። የአጥንት ትምህርት የምትማር ልጅ አለችኝ፣ የአባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው እሷን ልጠይቅ አልኩ። አንቺ የምትይውን እናደርጋለን። ይህን ደብዳቤ ቦዲቲ ወርጄ ለሹፌሩ ለሀብታሙ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ መልሱንም በእሱ እጅ ላኪልኝ። ፈጥነሽ ጻፊ።

አባትሽ ጸሐዬ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፣ ሀብታሙ መናኸሪያ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ይህን የምጽፈው የመኪናው በር ላይ ተደግፌ ነው። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያ ልጅ! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!

አባዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ዱቄት ነው እንጂ የሰው እግር አይደለም። እማዬ ያለችው ትክክል ነው። ሶዶ ውሰዱትና ራጅ ይነሳ። አጥንቱ እንዴት እንደተሰበረ ሳይታይ ማንም ምንም ማለት አይችልም። አቶ መልካሙን ስለ ደከሙበት አመስግኑልኝ።

እኔ ምድጃውን እስከ ጥቅምት 8 ነው የያዝኩት። ጥዬው ልምጣ ብዬ አሰብኩ፣ አማካሪዬ ግን ከተቋረጠ የአራት ወር ሥራ ገደል ይገባል አሉኝ። ጥቅምት 10 እመጣለሁ። ለፍሬዘር በጣም እንደምወደው ንገሩልኝ፤ ሲድን ደግሞ በጥፊ እንደማጮለው ጨምሩበት።

ልጅዎ ሰገነት

የረሳሁት፦ የታሰረውን እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይፈታው አደራ። ቢያብጥም ቢሸትም አትደንግጡ፤ ጥሩ የሚሆነው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ቢጠና፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሰላም ብለውሻል። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር በይኝ፣ ሰሞኑን ሶዶ ስመላለስ ከረምኩ።

ፍሬዘር እንዴት ሆነ ብለሽ በሀብታሙ አፍ ጠይቀሻል። ሶዶ ወስደነዋል። ሐኪሞቹ መልካም ሰዎች ናቸው። አሁን እግሩን አያመውም። ጥቂት ጥቂት መብላት ጀምሯል፣ አጥሚትም ይጠጣል። ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ ማለት በቃል አላለም፣ ግን ስምሽን ስጠራ ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመስከረሙ ደብዳቤሽ ዱቄትሽ አጥንት ሲጎድል ይሞላል ብለሽ ነበር። ስንት ሲጎድል ነው የሚሞላው? አንድ ስንዝር ይሞላል? አንድ ስንዝር ተኩልስ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። መልሱን አስበሽ ጻፊልኝ።

ጥቅምት 10 እመጣለሁ ያልሽውን ተይው። ሥራሽን ጨርሺ። እኛ ዘንድ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

አባትሽ ጸሐዬ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንደምን አሉልኝ?

ትናንት ልነሳ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሳለ ነው ደብዳቤዎ የደረሰኝ። አትምጪ ስላሉኝ ቀረሁ፣ ግን ልቤ አልቀረም። ደብዳቤዎን አስሬ ገለባበጥኩት። ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ አጥሚቱ ሁሉ ጽፈውልኛል። ራጁ ምን አሳየ? እግሩ በጀሶ ታሰረ ወይስ በብረት ተያዘ? እሱን አልጻፉልኝም።

ዱቄቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት። እስካሁን የሞከርነው በጥንቸል ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ በስምንት ሳምንት ግማሽ ያህሏ ሞላች፤ እኛም ደስ ብሎን ኬክ ቆረስን። ሰው ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አማካሪዬም አያውቁትም። ስንዝር የሚባል ነገር የለም አባዬ። አንድ ስንዝር ተኩል አጥንት የጎደለውን ሰው የሚሞላ ዱቄት በዓለም ላይ አላውቅም። ለምንድን ነው በስንዝር የጠየቁኝ?

ጎረቤታችን አባይነሽ ጋ ደውዬ እማዬን አቅርቢልኝ አልኳት። እማዬ «ደህና ነው፣ አባትሽ ይጽፍልሻል» ብላ ስልኩን መለሰችላት። አባይነሽም ኔትወርክ የለም አለችኝ፤ ድምጿ ግን አጠገቤ የቆመች ያህል ይሰማኝ ነበር። ሁላችሁም ትዋሹኛላችሁ። በሕፃንነቴ ጥጃዬ ስትሞት እንኳ አልዋሹኝም ነበር። ለቅዳሜ ትኬት ቆርጫለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚጠብቀኝ ያሳውቁኝ፤ በር ላይ ቆሜ ከሰው ፊት እንዳልረዳው።

ሰገነት

ቢጠና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

በር ላይ ቆመሽ እንዳትረጂው ብዬ እጽፋለሁ። ቀበቶሽን ጠበቅ አድርጊ። ፍሬዘር ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። መስከረም 30 ቀን ቆረጡት። ካልቆረጥን ነፍሱ ትሄዳለች አሉን፣ እኔም ፈረምኩ። አሁን እቤት ነው። አያመውም ያልኩሽ ውሸት አልነበረም፣ የሌለ ነገር አያምም ብዬ ነው። እሱ ግን ያመኛል ይላል፣ የሌለው ጣቱ ያሳክከኛል ይላል።

እንዴት እንደሆነ ሳልነግርሽ ልቀር ነበር ሐሳቤ። ግን ጥጃሽን አነሳሽብኝ።

ደብዳቤሽ መስከረም 26 ደረሰኝ። ሶዶ ውሰዱት ብለሽ ጽፈሻል፣ ከስምሽ በታች ደግሞ የታሰረውን እስክመጣ ማንም እንዳይፈታው ብለሽ አደራ አስረሻል። ሁለቱን ሳስተያይ ዋልኩ። ራጅ ሊያነሱት ሊፈቱት ነው አልኩ። ከአንድ ሰው ቃል ደግሞ የሚጸናው የመጨረሻው ነው አልኩ። ስለዚህ ልጄ እስክትመጣ እንጠብቅ፣ መጥታ አብረን እንወስደዋለን አልኩ። በማግስቱ አቶ መልካሙ እንደ ቃሉ ሊያላላው መጣ። ደብዳቤሽን አነበብኩለት። የፍሬዘርን እግር አየ፣ ጣቶቹን ዳበሰ፣ ከዚያ «የተማረ ይግደለኝ፤ ልጅህ ካለች እኔ ማን ነኝ» ብሎ ዱላውን አንስቶ ተመለሰ።

እግሩ አበጠ። ቢያብጥም አትደንግጡ ብለሻል፣ አልደነገጥንም። ከዚያ መሽተት ጀመረ። ይህንንም ብለሻል። እናትሽ ቢላዋ ይዛ ቃጫውን ልትበጥሰው ስትል እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። «ከሰገነት ታውቂያለሽ?» አልኳት። ጣቶቹ ሲጠቁሩ ግን የአንቺንም ቃል ተውኩ፣ ሰው ጠርቼ በቃሬዛ አወጣነው። ሶዶ ስንደርስ ዘግይተን ነበር።

ሐኪሙ አትፍቱት ያላችሁ ማን ነው ብሎ ጮኸብኝ፤ ባልሰማም ከፊቱ አነበብኩት። ስምሽን አልጠራሁም። ለማንም አልጠራም። አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ፣ ትምህርትሽን እንዳያበላሹብሽ። ልጄ፣ የተማረም ይሳሳታል። ሰው ነሽና ተሳሳትሽ። እኔ በልቤ ምንም አልያዝኩብሽም፤ ይህን የምልሽ ወንጌላዊ ስለነበርኩ ሳይሆን አባትሽ ስለሆንኩ ነው።

አባትሽ ጸሐዬ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

የቅዳሜው ትኬት ቀረ። ደብዳቤዎ አርብ ነው የደረሰኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከአልጋዬ የተነሳሁት ይህን ለመጻፍ ነው።

አባዬ፣ ስለ እግሩ አልነበረም።

ስለ እንሰቱ ነበር። እማዬ በኮባ ጠቅልላ በቃጫ ያሰረችልኝ፣ ከጓሮ ያለው። እሱ ነው የሚያብጠው፣ እሱ ነው ሲብላላ የሚሸተው። ሀብታሙ ጥሩንባውን ሲነፋብኝ ድንገት ትዝ አለኝና ከእርስዎ ሳይሆን ከእማዬ ጋር እያወራሁ ያለሁ መሰለኝ። «እንሰቱን» የሚል አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ! አንድ ቃል! በዚያች ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሞልቶ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ በእርስዎ ተናደድኩ፣ አልደብቅዎትም። ራጅ ይነሳ ብዬ ከላይ አልጻፍኩም ወይ? ሰው የልጁን እግር እየሸተተው እንዴት ወረቀት ያምናል? እያልኩ ብቻዬን ጮህኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ያመኑት ወረቀቱን ሳይሆን እኔን መሆኑ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ የምናደድበት ሰው ጠፋኝ። ጥቅምት 10 እመጣለሁ ብዬ ስጽፍ ምድጃውን ከወንድሜ ማስበለጤ ነበር። የአራት ወሩ ሥራ አልጠፋም አባዬ፤ ዱቄቱ አምሮበት ወጥቷል። በብልቃጥ ሞልቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ማክዳን ውሰጂልኝ ብላት እምቢ አለችኝ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ለፍሬዘር እንዳይነግሩት። እህቴ ተሳስታ ነው ብሎ ይኑር። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ቢጠላኝም በየቀኑ አያየኝም። እርስዎ ግን ማልደው የሚያነሱት፣ የሚያጥቡት፣ ደግፈው የሚያወጡት ነዎት። አባቴ ደብዳቤ ተሳስቶ አንብቦ እግሬን አሳጣኝ እያለ እንዴት በትከሻዎ ይደገፋል? ለእማዬም አይንገሯት። ይህ በእኔ ስም ይቅር። እኔም ወደ ቤት አልመጣም፤ ምን ፊት ይዤ?

ልጅዎ

ቢጠና፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

አልታዘዝኩሽም። ከመጀመሪያው ልንገርሽና ከዚያ ትቆጪኛለሽ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ስኖር እናቴም እናትሽም እንሰት ከሚፍቁበት ቦታ ደርሼ አላውቅም። እናትሽ ስታየኝ አብጄ መሰላት። ከኮባው ሥር አገኘሁት። በቃጫ ታስሯል፣ አብጧል፣ ይሸታል። ሁሉም አንቺ እንዳልሽው ነው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን የያዝኩበትን እጄን አንስታ አየችው፣ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ውሃ ታሞቅልኛለች፣ ፊቴን ግን አታይም። መብቷ ነው።

በአንቺ ስም ይቅር ማለትሽ ከፍቅር ነው። ግን እኔ ለአርባ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ያልኩ ሰው ነኝ። የልጄን ስም እንደ ጋቢ ለብሼው ልኖር አልችልም።

ወደ ቤት አልመጣም ያልሽውን ግን አልቀበልም። ነይ። ቀኑን አስቀድመሽ አትጻፊልኝ፣ ዝም ብለሽ ነይ። ሀብታሙ ደብዳቤ ሲሰጠኝ አሁን ሳልከፍት አስቀምጠዋለሁ፤ ይኼኛውን የተቀበልኩት ትናንት መሰለሽ? ከፍቼ ለማንበብ አምስት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ፍሬዘር ያለውን ልጻፍልሽ። እስከዚህ ያዘገየሁት ከብዶኝ ነው፤ ልደብቅሽም አስቤ ነበር። እሱ ግን ጻፍላት አለኝ፣ ስጽፍም አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ነው።

እሁድ ሰው ሁሉ ጸሎት ሲሄድ እኔና እሱ ቀረን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ስለ እንሰቱ እንደሆነ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እህትህ ሐኪም ቤት ውሰዱት ብላ እንደነበር ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ እንኳ እንደማልሰማው ሳስብ አፈርኩ። አልጮኸም። «እንዳይፈታው» የሚለውን ደብዳቤ አምጣልኝ ብሎ በእጁ አሳየኝ። አመጣሁለት። አነበበው፣ አጠፈው። ከዚያ እንዳነብ ብሎ ከጀርባው በእርሳስ ጻፈልኝ። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦

«እኔም ያን ጊዜ አጠገቤ ተኝተህ ሳለ ከትራስህ ሥር አውጥቼ አንብቤዋለሁ። እኔም የገባኝ እንደ አንተ ነው። ሲያብጥ፣ ሰገነት ያለችው እየሆነ ነው አልኩ። ሕመሙን የቻልኩት ለዚያ ነው። መሽተት ሲጀምር ደግሞ ልድን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባዬ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ያለው ይህን ነው።

አባትሽ ጸሐዬ